በረኛዋና ያልተዘጋው መሳቢያ

በረኛዋ የምንላት ኳስ ተጫውታ አይደለም። ኳስ ወደ እሷ ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና የምትጎነበስ ሰው ናት። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። እኛ ለጤና ማዕከሎች የኮምፒውተር ፕሮግራም የምንሠራ ሰዎች ነን፤ አንዱ የካርዱን ክፍል ይሠራል፣ አንዱ የመድኃኒቱን፣ አንዱ የቀጠሮውን። የእሷ ድርሻ በሩ ነበር። ማን የማንን ፋይል ያያል፣ ማን ይጽፍበታል፣ ማንስ ፋይሉ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይቀራል የሚለውን የምትጽፈው እሷ ነበረች።

የእኔ ሥራ ሌሎች የሠሩትን መስበር ነው። በወጉ «ፈታሽ» እባላለሁ። ጠዋት ገብቼ የሰው ልፋት ፊት እቀመጥና ዕድሜ በሚጻፍበት ቦታ «ዝንጅብል» ብዬ እጽፋለሁ፤ ለሞተ ሰው ቀጠሮ አስይዛለሁ፤ ወንዱን አስወልዳለሁ። ፕሮግራሙ ሲወድቅ ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። በዚህ የተነሳ ቢሮ ውስጥ የሚወዱኝ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በረኛዋ አንዷ ነበረች። ሥራዋን ስትጨርስ «እትዬ፣ በይ ዛሬ ስበሪልኝ» ትለኛለች፤ እኔም ስታገል እውላለሁ። አንድም ቀን በሯን ሰብሬ አላውቅም። ይህን የማወራችሁ ያንን በር ማን እንደከፈተው ስለማውቅና እስከ ዛሬ ስለሚያናድደኝ ነው።

በረኛዋ ያደገችው በር በሌለው ቤት ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ክፍል፣ በመሃል መጋረጃ። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እጃቸው ወርቅ ነበር፤ አፋቸው ግን ወንፊት። ክፋት የለባቸውም፤ ደንበኛ ለልኬት እጁን ዘርግቶ ሲቆም ዝም ማለት አይሆንላቸውም፣ ያ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የሆነው ሁሉ ከተሰፋው ቀሚስ ጋር ተጠቅልሎ ይወጣል። ቤተሰቡ ሚጣ የሚላት ታናሽ እህቷ ትምህርት በጀመረች ሰሞን አልጋዋ ላይ ሸናች። እናትየው ለአንዲት ደንበኛ እየሳቁ አወሩት፤ የደንበኛዋ ልጅ ደግሞ ከሚጣ ጋር አንድ ክፍል ነበረች። ክፍሉ በሙሉ ዘፈን አወጣላት። ሚጣ ከዚያ ወዲያ ለእናቷ ምንም ነገር መንገር አቆመች። ሲያማትም ሲከፋትም መጋረጃውን ገልጣ ትገባና ለታላቋ በጆሮዋ ትነግራታለች። ታላቋ የሰማችውን ውጣ ታስቀረዋለች። የሁለቱ እህትነት የቆመው በዚህ ላይ ነው።

አድጋ ፕሮግራም ጸሐፊ ስትሆን የበሩን ሥራ መምረጧ ስለዚህ አይገርመኝም። አሠራሯን በቀላሉ ልንገራችሁ። በእኛ ሙያ ሁሉም ነገር ኦብጀክት ነው፤ የራሱን ይዘት የያዘና ሲጠየቅ የሚመልስ ነገር ማለት ነው። ሕመምተኛው ኦብጀክት ነው፣ ፋይሉም ኦብጀክት ነው፣ «ይህን ፋይል ማንበብ ይቻላል» የሚለው ፈቃድም ራሱን የቻለ ኦብጀክት ነው። ፈቃዶቹ ብዙ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ በአንድ ሲታደሉ ይምታታሉ። ስለዚህ በስብስብ ይያዛሉ፤ የሐኪሞች ስብስብ፣ የነርሶች ስብስብ፣ የአስተዳደር ስብስብ። ሠራተኛው አንድ ፋይል ልክፈት ሲል ፕሮግራሙ የእሱን ስብስብ «ይህ ይፈቀዳል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስብስቡ አዎ ወይም አይ ይላል። በቃ። ጭቅጭቅ የለም፣ ልመና የለም፣ «የእገሌ ዘመድ ነኝ» የለም።

በረኛዋ በዚህ ላይ የራሷን ጨመረች። ስብስቡ ተሞልቶ ሲያልቅ ትዘጋዋለች። ከተዘጋ በኋላ አዲስ ፈቃድ ልጨምር የሚል ሁሉ ስህተት ነው ተብሎ ይመለሳል፤ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን፣ ራሷም ብትሆን። መለወጥ ካስፈለገ አዲስ ስብስብ በግልጽ፣ ሁሉም እያየው ይሠራል። «የተዘጋ ነገር መከፈት ካለበት ሰው ፊት ይከፈት» ትል ነበር። ይህን ስትል አገጯን ቀና የምታደርጋት ነገር አለቻት፤ እኔም በዚያ እቀልድባት ነበር።

ከጎኗ የሚቀመጠው ማሬ ነው። ሰውን ሁሉ «ማሬ» እያለ ስለሚጠራ የእሱ ስም ሆኖ ቀረ፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ማሬ ናት፣ ቆጣሪ አንባቢውም ማሬ ነው። ከበረኛዋ ጋር ከተማሪነታቸው ጀምሮ እጅና ጓንት ነበሩ። አባቷ ሲሞቱ ከዘመድ ቀድሞ የደረሰ እሱ ነው፤ ወንበር ተሸከመ፣ ውሃ አመላለሰ፣ እናቷን ደግፎ አስቀመጠ። እናትየው ከዚያን ቀን ወዲህ «ልጄ» ነው የሚሉት። በረኛዋ ለማንም የማታሳየውን ያላለቀ ሥራዋን ለእሱ ታሳየዋለች። እኔም እወደው ነበር፤ መዋሸት ምን ያደርግልኛል።

ሚጣ ደግሞ አግብታ የሕፃናት አስተማሪ ሆነች። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ቤት ከሚያድርበት የማያድርበት ይበዛል። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ሕፃኑ ሳያለቅስ ቀረ። ሰውነቷ ዳነ፤ እሷ ግን ከአልጋ መነሳት አቃታት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትውላለች። ልጁ የለም፣ ወተቱ ግን አልቆመም ነበር። በረኛዋ ጠዋት በዚያ በኩል አልፋ ታጥባታለች፣ ልብሷን ትቀይርላታለች፣ ሁለት ማንኪያ አጉርሳት ወደ ሥራ ትመጣለች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። «እትዬ፣ እህቴ እያለቀችብኝ ነው» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ሐኪም ጠፍቶ አልነበረም። ሚጣ የምታስተምርበትን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው ድርጅት የራሱ ጤና ማዕከል አለው፤ ሠራተኞቹ እዚያ ይታከማሉ፣ የአእምሮ ሐኪምም አለው። ማዕከሉ የሚገለገልበት ፕሮግራም ደግሞ የእኛ ነው። ሚጣ ግን ወይ ፍንክች። «እዚያ ሄጄ እንዲህ ሆንኩ ካልኩ ነገ ርዕሰ መምህሯ ልጆቹ አጠገብ አታስደርሰኝም» አለች። እውነቷን ነው፤ ሰው የተሰበረ እግርን ሊጠይቅ ይመጣል፣ ይህን ግን ይሸሸዋል። ሚጣ ደግሞ ከእነዚያ ልጆች ሌላ የቀራት ነገር አልነበረም።

በረኛዋ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እህቷን ደግፋ ቢሮ አመጣቻት። ቢሮአችን ከጎማ መሸጫ በላይ ስለሆነ የጎማው ሽታ በደረጃው አብሮ ይወጣል፤ ሚጣ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና ገባች። ከመክሳቷ የተነሳ የለበሰችው ልብስ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። በረኛዋ ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና መሞከሪያውን ፕሮግራም ከፈተችላት።

«ይኸው፣ ይሄ የውሸት ሕመምተኛ ነው» አለቻት። «በይ፣ ማንን ሆነሽ መግባት ትፈልጊያለሽ?»

«ርዕሰ መምህሯን» አለች ሚጣ፣ ሳታስብ።

«እሷ አስተዳደር ስብስብ ውስጥ ናት። ግቢና ፋይሉን ክፈቺው።»

ሚጣ በቀጭን ጣቷ ተጫነችው። «ፈቃድ የለዎትም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

«ዋና ዳይሬክተሩስ?»

«እሱም ያው ነው። ሞክሪው።»

ቀይ ወጣ።

«አንቺስ?»

«እኔማ ማን ነኝና! በሩን ሠራሁት እንጂ ቤቱ የኔ አይደለም። ሐኪምሽና ነርሷ ብቻ ናቸው። ሚጣዬ፣ ይህን በር በገዛ እጄ ነው የሠራሁት። ማንም አያይሽም። እኔ አለሁ አይደል?»

ሚጣ ደጋግማ ተጫነችው። ቀዩ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ከንፈሯ ትንሽ ትንሽ እየተፈታ ሄደ። በመጨረሻ «ርዕሰ መምህሯ ስትከለከል እንዴት ደስ ይላል!» ብላ ሳቀች። ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ያየናት ያን ጊዜ ነው። በረኛዋ ዕንባዋ እንዳይታይባት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሚጣ እሺ አለች።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ ሊሄዱ፣ በረኛዋ ረፋድ ላይ የገዛ ሥራዋን መልሳ ስታነብ ክው አለች። ስብስቡን በፊት ለፊት ዘግታዋለች፤ አንድ ቀዳዳ ግን ቀርቷል። ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ስብስቡን «ውስጥህ ያሉትን ፈቃዶች አሳየኝ» ሲለው፣ ስብስቡ ቅጂ መስጠት ሲገባው ፈቃዶቹ ያሉበትን የገዛ ራሱን መያዣ ነው አውጥቶ የሚሰጠው። የተቆለፈ ቁም ሣጥን «ምን ይዘሃል?» ሲባል መሳቢያውን ነቅሎ እንደሚያስረክብ ቁጠሩት። መሳቢያው በእጁ የገባ ሰው የፈለገውን ጨምሮበት ይመልሰዋል። የቁም ሣጥኑ በር እንደተቆለፈ ነው፤ ስህተት ነው ብሎ የሚጮኽ የለም። እኔ የምፈትሸው ተጠቃሚው በሚያየው በኩል ስለሆነ ይህን አላገኘውም። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሠራውም የሚያየውም ፕሮግራም ጸሐፊ ብቻ ነው። ማስተካከሉ ከባድ አይደለም፤ ግን መያዣውን የሚነኩ ሌሎች ክፍሎች አብረው መታረም ነበረባቸው፣ ሰዓቱም እየሄደ ነበር።

«ምነው ማሬ፣ ምን ሆንሽ?» አላት ማሬ ከጎኗ።

አሳየችው። ጎንበስ ብሎ አየና አፏጨ።

«ይሄማ ያስፈራል» አለ። «በይ አንቺ ሂጂ፣ እህትሽን አታስጠብቂያት። እኔ እዘጋዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ? የአእምሮ ሐኪሙ ጋ ነው የምወስዳት። በስንት መከራ ነው እሺ ያሰኘኋት፤ ይሄ ክፍት ሆኖ እንዴት አድርጌ...»

«ሂጂ አልኩሽ እኮ! ሳልዘጋው ከዚህ ወንበር አልነሳም። አባትሽን አብሬሽ ቀብሬ ይቺን አታምኚኝም?»

ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጋው ሄደች። በማግስቱ «ዘጋኸው?» አለችው። «ጥርቅም አድርጌ!» አላት። ገብታ አላየችውም። የማሬን ቃል መልሶ መፈተሽ ለእሷ ነውር ነበር፤ እኔ ራሴ እሷን ብሆን አላየውም።

ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጃችን ስብሰባ ጠራን። ድርጅቱ ጥያቄ አቅርቧል፤ በአስተዳደር ስብስብ ውስጥ ያሉ ኃላፊዎች የሠራተኞችን የሕክምና ፋይል ማንበብ ይፈልጋሉ። ሕፃናት የሚይዙ ሰዎች ስለሆኑ ማወቅ አለብን ነው ሰበባቸው። እምቢ ከተባሉ ሌላ ፕሮግራም ሠሪ ይፈልጋሉ። በረኛዋ ብድግ አለች።

«አይሆንም» አለች። «ሕመምተኛው የተናገረው ለሐኪሙ ነው፣ ለአሠሪው አይደለም።»

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ይሄኔ ማሬ ሽንጡን ገትሮ ተነሳ። «እሷ ያለችው ትክክል ነው! እኛ በር ሠሪዎች እንጂ ሌቦች አይደለንም!» አለ፤ ጠረጴዛውን ሁሉ በመዳፉ መታው። አጨበጨብን። ሰው የማላምነው እኔ እንኳ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ዝም አለ፣ ሌላም ሠሪ አልፈለገም። ለምን ዝም አለ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም።

ሚጣ እየተሻላት ሄደ። ለእናቷም ለባሏም ያልነገረችውን ለሐኪሟ ነገረችው። ከሁሉም የከበዳት ሕልሟ ነበር፤ ሕፃኑን ታቅፋ ስታጠባው ታያለች፣ ስትነቃ ደረቷ ላይ የምታገኘው ትራሷን ነው። ከሐኪሙ ሌላ ይህን የምታውቀው በረኛዋ ብቻ ነበረች፤ እንደ ልጅነታቸው በጆሮዋ ነው የነገረቻት። ቀስ በቀስ ሕልሙ ራቀ። ሚጣ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ መዝሙር ታስተምራለች፣ የጫማ ክር ታስራለች፣ ንፍጥ ትጠርጋለች። ማታ ድክም ብሏት ትተኛለች፤ በረኛዋ «ከመድኃኒቱ ይልቅ ያ ድካም ነው ያዳናት» ትለኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሯ ሚጣን ቢሮዋ ጠራቻት። ወንበር ሰጠቻት፣ ሻይ አስመጣችላት፣ እጇን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ለጊዜው ትንሽ ዕረፊ» አለቻት። «ልጆቹን ሌላ ሰው ይያዝልሽ። ለአንቺው ብለን ነው።»

ሚጣ ደህና መሆኗን፣ አንድም ቀን እንዳልቀረች ነገረቻት። ርዕሰ መምህሯ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። «የኔ እናት፣ አሁንም በሕልምሽ ታጠቢዋለሽ እንዴ? ትራስ ታቅፎ መንቃት እኮ ቀላል ነገር አይደለም» አለቻት።

ሚጣ ከዚያ ወንበር እንዴት እንደተነሳች አታውቀውም። በቀጥታ የመጣችው እኛ ቢሮ ነው። ደረጃውን በሩጫ ወጥታ ቁና ቁና እየተነፈሰች በበረኛዋ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«ነገርሻቸው» አለች።

«ምኑን?»

«ሕልሜን! ትራሱን! ከአንቺ ሌላ ማን ያውቃል? ከእነሱ ጋር አብራችሁ ነው የምትሠሩት፤ ስትጫወቱ አመለጠሽ አይደል? እናታችንን ሆንሽ!»

«ሚጣዬ፣ በፈጠረሽ! እኔ ለማንም—»

«ማንም አያይሽም አልሽኝ። እኔ አልሄድም ብዬ ነበር። እጄን ይዘሽ የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ!»

ማሬ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ስልኩ አልጠራም ነበር፣ አጠገቡ ስለነበርኩ አውቃለሁ። ሚጣ መልስ አልጠበቀችም። በረኛዋ እስከ መንገዱ ድረስ ተከትላት ወረደች፤ ሚጣ ታክሲ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችባት።

ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። ማንንም ሳታናግር ተቀመጠችና ጤና ማዕከሉ ውስጥ የሚሠራውን የአስተዳደር ስብስብ ትጠይቀው ጀመር። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ የተዘጋ መሆኑን ጠየቀችው። አዎ፣ ዝግ ነኝ አለ። ቀጥላ የሠራተኞችን የሕክምና ፋይል ማንበብ ይፈቀዳል ወይ ብላ ጠየቀችው።

አዎ አለ።

እንደገና ጠየቀችው። አዎ። ከዚያ ስብስቡን የጻፈችበትን ቦታ ከፈተች። ጥርቅም ተደርጎ ተዘጋ የተባለው ቀዳዳ እንዳለ ነው፤ አንድ ፊደል አልተነካም። ሌላ ቦታ ላይ ግን ጥቂት አዲስ መስመሮች አሉ፤ ያንን መያዣ ተቀብለው አንዲት ፈቃድ ጣል ያደርጉበትና ይመልሱታል። አጻጻፉ የማሬ ነበር። አብረው የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ የእጁን ጽሑፍ ያህል ታውቀዋለች።

ማሬን ኮሪደሩ ጫፍ፣ የውሃ ማቀዝቀዣው አጠገብ አገኘነው።

«ዘጋሁት አልከኝ» አለችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ብትጮኽ በወደድኩ።

«ማሬ፣ አንዴ ስሚኝ—»

«ማሬ አትበለኝ።»

«እሺ፣ ስሚኝ ብቻ። ድርጅቱ ጥሎን ሊሄድ ነበር። ልዘጋው ስል ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ነገረኝ፤ እሷን ሳናስቀይም መላ ፈልግ አለኝ። ከሄዱ ግማሻችን እንበተን ነበር። አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ፣ ብትሞቺ እሺ አትዪም። ለአንቺም ብዬ ነው፤ ሳታውቂው ከሆነ ሕሊናሽ አይወቅስሽም ብዬ።»

«ስብሰባው ላይ ጠረጴዛ ስትመታ ታውቅ ነበር?»

ብርጭቆውን አየ፣ ወለሉን አየ። «ሰው ፊት እሺ ካልሽ ጥሩ፣ ካላልሽ በዚያ በኩል ይሆናል ተባብለን ነበር» አለ።

«ያን ቀዳዳ ያሳየሁህ እኔ ነኝ።»

«የእህትሽ ፋይል ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።»

«የት እንደምወስዳት ነግሬሃለሁ። ከአፌ ነው የሰማኸው።»

«ረሳሁት» አለ። «እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ጨርሶ ትዝ አላለኝም።»

ከሁሉም ያቃጠለኝ ይህች «ረሳሁት» ናት። ጠልቶአት፣ ቀንቶባት ያደረገው ቢሆን ቢያንስ አስቦአታል እል ነበር። አላስቻለኝም፤ «አንተ አስመሳይ! እናቷ ልጄ ይሉሃል!» ብዬ ጮኽኩበት፤ ከጎማ መሸጫው ሰው ወጥቶ ወደ ላይ እስኪያይ ድረስ። በረኛዋ ግን ዞር ብላ ሄደች።

የዚያኑ ቀን ቀዳዳውን ዘጋችው፤ የተጨመረችውንም ፈቃድ አውጥታ ጣለቻት። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ መልሰሽ ክፈቺ አላት፤ እምቢ አለችው። የሚጣ ሐኪም የሆነውን ሰምቶ አቤት ሲል ከእኛ ቢሮ የተሰጠው መልስ «በፕሮግራም ጸሐፊዋ ስህተት ክፍተት ተፈጥሮ ነበር፣ ተስተካክሏል» የሚል ነው። ፍጹም ውሸት ቢሆን ትሟገት ነበር። ክፍተቱ ግን በእርግጥ የእሷ ነው፤ ቅጂ መስጠት ሲገባት መያዣውን ያስረከበች እሷ ናት። ለማን ሄዳ፣ ከየትኛው ጫፍ ጀምራ ታስረዳ? ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ወጣች። ማሬ አሁን ወንበሯ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ይለኛል፤ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ዝንጅብሌን እጽፋለሁ።

በረኛዋ ደጋግማ ስትሄድባት ሚጣ በር አልከፍትም ብላ ከርማ በመጨረሻ አስገባቻት። በረኛዋ በቃል ማስረዳት ሲያቅታት የወጥ ቤቱን መሳቢያ ነቅላ አሳየቻት፤ ማንኪያዎቹ መሃል ቢላዋ ጣል አድርጋ መልሳ ገፋችው። ሚጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«ገብቶኛል» አለች። «አንቺ አልነገርሽም። አምኜሻለሁ።»

በረኛዋ ልታቅፋት ተጠጋች።

«ግን እታለም፣» አለች ሚጣ ሳትንቀሳቀስ፣ «እኔ አንቺን አመንኩ፣ አንቺ እሱን አመንሽ። እኔ እሱን መቼ አመንኩት?»

በረኛዋ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ ደርቆ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሚጣ ደህና ናት ይባላል። ትምህርት ቤቱ አልመለሳትም፤ ልብስ መሸጫ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። ሕልሙ ይምጣባት አይምጣባት የሚያውቅ የለም፤ ብትጠየቅ «ደህና ነኝ» ነው የምትለው። በቅርቡ ደግሞ እርጉዝ መሆኗን አወቀች። ባሏ መንገድ ላይ ስለነበረ በረኛዋን «ትወስጂኛለሽ?» አለቻት፤ በረኛዋ ከደስታዋ ብዛት ስልኩን ሳትዘጋ ነው የተነሳችው። የሄዱት ከተማው ማዶ ያለ፣ ማንም የማያውቃቸው ክሊኒክ ነው። የድሮው ሐኪሟ ለሁለቱም አስጠንቅቆ ነግሯቸው ነበር፤ እንደገና ካረገዝሽ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፣ ገና ከጅምሩ ለሚከታተልሽ ሐኪም ያለፈውን ሁሉ ንገሪ፣ ከተነገረ በጊዜ ይያዛል ብሎ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ደግ ፊት አላት። ኮምፒውተሯን ወደ ራሷ አዙራ መጠየቅ ጀመረች።

«ስንተኛ እርግዝናሽ ነው?»

«የመጀመሪያዬ» አለች ሚጣ።

በረኛዋ ዞር ብላ አየቻት። ሚጣ ዓይኗን ከዶክተሯ ላይ አላነሳችም፤ ከጠረጴዛው ሥር ግን የእህቷን እጅ ይዛ አጥንቷ እስኪንቋቋ ጨመቀችው።

«ከዚህ በፊት የታከምሽበት ሕመም አለ? ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የመከፋት ስሜት?»

«ኧረ የለም። ደስተኛ ሰው ነኝ።»

ዶክተሯ ጣቶቿን ከፊደሎቹ ላይ አንስታ ወደ በረኛዋ ዞረች። «እርስዎ ታላቋ ነዎት አይደል? እሷ የረሳችው፣ እርስዎ የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

ሚጣ ያን ጊዜ ዞር ብላ አየቻት።

«የለም» አለች በረኛዋ።

ዶክተሯ የለም ብላ ጻፈች።